ሳይሰማ የሰረዘው ድምፅ

ትዋሂር ሲጋራ ያቆመ ሰሞን ሞምባሳ ሁሉ ጉዳዩን ያወቀ መስሎት ነበር። እውነትም ብዙ ሰው አውቋል፤ ራሱ በየበሩ እየቆመ ነው የነገራቸው። ዕድሜውን በመኪና ማሻገሪያው መርከብ አፍ ላይ ቆሞ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» እያለ ሾፌር ሲያሰልፍ የኖረ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይሆንለትም። ሳሉ ደረቱን ሲሰነጥቀው ሐኪሙ ከሲጋራህና ከሳንባህ አንዱን ምረጥ አለው። ሳንባውን መረጠ። ለብቻው መዳኑ ግን አልበቃው አለ።

ኪቦኮኒ ውስጥ፣ ከእነ ትዋሂር ቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራ የድንጋይ መደብ አለ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ሲወጡ፣ የሰፈሩ ወንዶች እዚያ ተደርድረው ካሳቫ በሚጥሚጣ እየበሉ መንግሥትን ያማሉ፣ በዓሣ ዋጋ ያማርራሉ፣ ያጨሳሉ። ትዋሂር መጀመሪያ የያዘው እነሱን ነው። ሁሉንም በአንድ የዋትሳፕ ግሩፕ ሰበሰባቸውና፣ ሲጋራዋን ማለቱ ነው፣ ስሙን «ጣላት» አለው። በየንጋቱ ከመስጊድ ሲመለስ ድምፁን ቀርጾ ይልክላቸዋል።

«እናንተ የጭስ ማውጫዎች፣ ነጋላችሁ? ያቺን ቀጭን ነጭ ሴትዮ ገና ያልሳመ እጁን ያውጣ። በሉ ውኃ ጠጡ፣ እስከ ምሳ ድረስ ብቻ ጨክኑ። ከምሳ በኋላ እኔ እጨክንላችኋለሁ።»

ቀልዱ ሠራ። አንዱ ድምፁን ለወንድሙ ያስተላልፋል፣ ወንድሙ ለባልደረባው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ «ጣላት» ባሕሩን ተሻግሮ ማሊንዲና ታንጋ ደረሰ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ሁሉም «ጣላት» እያለ ይቀበለዋል። አዲስ ገቢውም ሰው ደንብ አለበት፤ በገዛ ድምፁ ስሙን፣ መቼ ማጨስ እንደጀመረና ከማን ጋር እንደጀመረ ይናገራል። ይህቺ «ከማን ጋር» የምትባለዋ ብዙ ሳቅ ታወጣ ነበር። አንዱ ከአማቴ ጋር ነው የጀመርኩት ሲል ግሩፑ ለአንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ትዋሂር የሚኮራባት ሌላ ደንብም ነበረችው። አጫሽ ለምኖ እስኪገባ አይጠበቅም፤ ማጨሱን ያወቀ ሰው ሳይጠይቀው ያስገባዋል። ያ እንዴት ይሆናል ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፤ «ለቅሶ ተጠርቶ ይኬዳል እንዴ? ሰው ሲሞትበት ዝም ብለህ ሄደህ ነው የምትቀመጠው። ይሄም ሰውዬ እየሞተ ነው።»

በዚህ ደንብ የገባው ዋነኛው ሰው ስዋሌሕ ነው። ስዋሌሕ ጀልባ የሚጠግን ሽማግሌ ነው፤ የልጅ ልጁን በእጁ ይዞ በሌላኛው እጁ ሲጋራ ይዞ የሚሄድ። ሲያስገቡት ተናዶ ወጣ። ትዋሂር መልሶ አስገባው። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ አስገባው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ስልክ የእኔ ነው ወይስ የአባትህ ቤት?» አለው መደቡ ላይ።

«የአባቴ ቤት ቢሆንማ በዱላ ነበር የማስገባህ» አለው ትዋሂር።

ስዋሌሕ ሳቀ፤ ቀረ፤ ቆይቶም አቆመ። ትዋሂር ከዚያ ወዲያ ደንቡ ይሳሳታል ብሎ አስቦ አያውቅም። ጥሩ ነገር አንዴ ሲሳካ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

የዚህ ሰው ታናሽ እህት ቲማ ትባላለች። ትዳሯ ሲፈርስ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሳ ትዋሂርና ሚስቱ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ምድር ቤቱን ያዘች፤ እዚያ የሰፈሩን ትናንሽ ሴት ልጆች ሰብስባ ቁርኣን ታስተምራለች። ከጠዋት እስከ ቀትር የልጆቹ ድምፅ በመስኮት ይወጣል፤ አላፊ አግዳሚው «መምህርት ቲማ» እያለ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። እንጀራዋም ክብሯም ይኸው ነው። ደግሞም ታጨሳለች።

ይህን የሚያውቅ ከሰው ልጅ አንድ ትዋሂር ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዋን ሲጋራ ያቀበላት እሱ ነው። እናታቸው በሞተች ሰሞን ነበር። ሰገነቱ ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ ጥግ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለ። ሲመሽ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ እዚያ ወጥቶ ሲያጨስ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ስታለቅስ ቆየች። የሚላት ቢጠፋው የያዘውን ሰጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዓመታት ምሽት ምሽት እዚያ ይገናኙ ነበር። ታሪኳን ሁሉ የነገረችው እዚያ ነው፤ የባሏን ዱላ፣ የጨነገፈባትን ልጅ። እሱም ለሚስቱ ለሙኒራ እንኳ ያልነገራትን ነግሯታል። ሲወርዱ እሷ ቅርንፉድ ታኝካለች፣ ጸጉሯ ላይ ጃስሚን ትሰካለች፤ ልጆቹ መምህርታችን ሁልጊዜ ጥሩ ትሸታለች፣ እንደ ሠርግ ትሸታለች ይሉ ነበር።

ትዋሂር ሲያቆም ሰገነቱንም አቆመ። ሽታው ይፈትነኛል አለ። እውነቱን ነው፤ ይፈትነው ነበር።

«ለሳንባህ ብለህ እኔን ተውከኝ» አለችው አንድ ቀን ደረጃው ላይ እየሳቀች።

«አንቺም ተዪው ታዲያ፣ አብረን እንወጣለን።»

አንድ ደረጃ ወረደችና፣ «የጠዋቷን ድምፅህን ለእኔም ላክልኝ» አለችው። «ለብቻዬ ግን። ግሩፑ ውስጥ የግማሾቹ ልጆች እኔ ጋ ናቸው። አደራ፣ ወንድሜ።»

«አደራ የምትባል ነገር በእኛ መካከል ምን ታስፈልጋለች?» አላት። ይቺን ዓረፍተ ነገር በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሷታል።

ከዚያ በኋላ በየንጋቱ ለግሩፑ የላከውን ለእሷም ለብቻዋ ያስተላልፍላታል። እሷም ማታ አጭር መልስ ትጽፍለታለች፤ ዛሬ ግማሽ፤ ዛሬ አንድ፤ ዛሬ ቅርንፉድ ብቻ። «ቅርንፉድ ብቻ» የምትለዋ እየበዛች መጣች። ደስ ይለው ነበር። ግን ምን ያደርጋል፤ ለማንም የማይነገር ደስታ ለትዋሂር ግማሽ ደስታ ነው። ያን ያህል ሰው ያዳነ ሰው እህቱን ማዳኑን ለማንም ሳይናገር እየዋለ እያደረ ነው።

በዚህ መሐል ነስራ መጣች። ነስራ በጤና ጣቢያው ሰዎች ሲጋራ እንዲያቆሙ የምትረዳ ነርስ ናት፤ የ«ጣላት»ን ወሬ ሰምታ መደቡ ድረስ መጥታ አመሰገነቻቸው። ወንዶቹ ተጎማለሉ። የትዋሂርን ስልክ ተቀብላ ስም ዝርዝሩን ወደ ታች ስታንከባልል ቆይታ፣ «ሴት የለችም?» አለች።

«የእኛ ሰፈር ሴት አታጨስም» አላት አንዱ።

ነስራ ሳቀች። «ታጨሳለች። እኔ ጋ ሲመጡ ሳሉን ለአቧራው ይሰጡታል። የሚገቡበት በር አጥተው ነው እንጂ። አንዲት ብቻ ደፍራ ብትገባ ሌሎቹ ተከትለዋት ይገቡ ነበር።»

ይህን ስትናገር ትዋሂርን አላየችም፤ እሱ ግን ያየችው መሰለው። ሌሊቱን ሲያሰላስለው አደረ፤ በሚቀጥሉት ቀናትም አልለቀቀውም። ቲማ ልታቆም ጫፍ ላይ ናት። ከገባች ደግሞ የምትገባው አሸንፋ ነው። መምህርት ቲማ ካለች ማን ሴት ያፍራል? ሰው አደራ ሊበላ ሲል መጀመሪያ ለባለ አደራው የሚጠቅም ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ ግን ሙሉም አልነበረም። ከሥር፣ ራሱ እንኳ በማያይበት ቦታ፣ የመጀመሪያዋን ሴት ያስገባ እሱ ነው እንዲባል ይፈልግ ነበር። በየንጋቱ ለብቻ መላኩም ትንሽ ትንሽ ሰልችቶት ነበር።

አንድ ዓርብ፣ የአስር አዛን ሲሰማ፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ ስሟን ነካው። ደንቡ ይታወቃል፤ ለቅሶ ተጠርቶ አይኬድም። ስልኩን ዘግቶ ወደ መስጊድ ሄደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለጣት ደግሞ ተረት ገና አልወጣለትም።

እሱ ሲሰግድ ግሩፑ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። በየሰዉ ስልክ ላይ አንድ መስመር ወጣች። ቲማን ብዙዎቹ በልጆቻቸው አስተማሪነት ነው የመዘገቧት፤ ስለዚህ መስመሯ «ትዋሂር መምህርት ቲማን አስገባ» ትል ነበር።

ሰግዶ ወጥቶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ከዚያ ነው ስልኩን የከፈተው። ስልኩ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ጣያት!» «እህታችን እንኳን መጣሽ፣ ጣያት!» ቃሉ ለሴት ሲባል የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ስዋሌሕ ድምፅ ልኳል፤ በዚያ በሻካራ ጉሮሮው፤ «መምህርት፣ ልጄ፣ አይዞሽ። እኔም በግድ ነው የገባሁት። የልጅ ልጄን ያስተማርሽ ሰው ለዚህች ልታንሺ ነው?» ተሳዳቢ የለም፣ ነቃፊ የለም። ሁሉም መልካም ሰው ነው። ትዋሂር ግን ያላሰበበትን ነገር ያየው እያነበበ ሲሄድ ነው። እነዚህ ሁሉ ቤታቸው ገብተው ለሚስቶቻቸው ይነግራሉ። ልጆቹን የሚልኩ ደግሞ ሚስቶቹ ናቸው።

ወደ ታች ሲወርድ ከሁሉም በታች የቲማ ስም አለ፤ ከስሙ ሥር ረዘም ያለ የድምፅ መልእክት። ከተላከ ቆየት ብሏል። ጆሮው ላይ ሊያደርገው ስልኩን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። እያለቀሰች ይሆናል አለ በልቡ። እየረገመችኝ ይሆናል። ወይ እየማለች ነው፣ አላጨስም እያለች፤ እሷ ስትምል ደግሞ መዋሸቷን ሰው ሁሉ ያውቅባታል። አውራ ጣቱን መልእክቱ ላይ አሳረፈና፣ የግሩፑ አስተዳዳሪ ነውና፣ ከሁሉም ስልክ ላይ ሰረዘው። ከዚያ እሷን አስወጣት። ከዚያ ያን የማሻገሪያውን ድምፁን አውጥቶ ቀረጸ።

«ወንድሞቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጣቴ ነው የሳተው። ሌላ ሰው ላስገባ ስል ነው። እህቴ ሲጋራ አጠገቧም ደርሶ አያውቅም፤ የሚያጨስ ሰው ቤቷ እንኳ አታስገባም። ስሟን እንዳታነሱብኝ።»

ሁልጊዜ የሚንጫጫው ግሩፕ ጸጥ አለ። ሊዋሽ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሰዉ ምን እንደሰማ ማጣራት ነበረበት። ትዋሂር ያላጣራው ይህን ነው፤ እሱ ሲሰግድና ስለ ዝናብ ሲያወራ ግማሹ ሰው የቲማን ድምፅ ሰምቶታል፤ አንዳንዱም ለሌላ አስተላልፎታል።

ያን ዕለት ምሽት ከመግሪብ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከራሱ በላይ፣ ሰገነቱ ላይ፣ የቲማን ነጠላ ጫማ ሰማ። ወንበር ሲጎተት ሰማ፤ ቆይቶ ሁለተኛው ወንበር ሲጎተት ሰማ። ተናዳ እያጨሰች ነው አለ። ነገ ይበርድላታል፣ ነገ እወጣለሁ አለና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። ጫማው እስከ ማታው የዒሻ አዛን ድረስ ከራሱ በላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ወረደ።

ሰኞ ከልጆቹ ጥቂቶቹ ሳይመጡ ቀሩ። የአንዷ እናት ልጄን ጉንፋን ይዟታል ብላ ላከች፤ የሌላዋ ከማሊንዲ እንግዳ መጥቶብን ነው አለች። ሰው ጨዋ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ሲያቆስል እንኳ ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ወሩ ሳያልቅ ከምድር ቤቱ መስኮት የሚወጣው ድምፅ የሁለት ልጆች ብቻ ሆነ። አንደኛዋ የስዋሌሕ የልጅ ልጅ ነበረች።

ቲማ አልጮኸችም። ጠዋት ደረጃ ላይ ሲገናኙ ታናሽ ለታላቅ የምታቀርበውን «ሺካሞ»ዋን አላጓደለችም። እሱም «መርሐባ» ይላል። ያቺው ናት። በጆሮው ይሰማት የነበረችው የእህቱ ድምፅ በዚያች በአንዲት ቃል ተጠቅልላ ቀረች።

አንድ ቀን ሙኒራ ማሃምሪ፣ ያቺን ጣፋጭ ዳቦ፣ እየጠበሰች ሳለ፣ «አነበብከው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ሌሶዋን ነዋ፤ ያገለደመችውን። ጫፉ ላይ የተጻፈውን። ሴቱ ሁሉ አንብቦ ጨረሰ፤ የተጻፈለት ሰውዬ ብቻ ቀረ።»

ሌሶ ሴቶች በአፋቸው የማይሉትን ጫፉ ላይ በታተመው አባባል የሚናገሩበት ሽርጥ ነው፤ ወንድ ሌሶ አያነብም፤ ትዋሂርም አላነበበም። በማግስቱ ቲማ ግቢው ውስጥ ውኃ ስትቀዳ ከኋላዋ ቆሞ አነበበ። «የእንስራን ምስጢር የሚያውቀው መቅጃው ነው» ይላል። ሌላ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሙኒራ የጠበሰችውን ማሃምሪ በሰሐን ይዞ በሯን አንኳኳ። ከፈተችለት፤ ሺካሞ አለችው፤ መርሐባ አላት። ከኋላዋ የልጆቹ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ቲማ፣ ሰይጣን ነው» አለ።

«ሰይጣንን ተወው፣ ብዙ ሥራ አለበት።»

«ማስገባት አልነበረብኝም። አደራሽን በላሁ። ግን ወዲያው እኮ አስተካክዬዋለሁ፣ ስምሽን አጥቤዋለሁ፣ ለሁሉም...»

«የጎዳኝ ማስተካከልህ ነው» አለች።

«ምን?»

«የሰረዝከውን ሰምተኸዋል?»

ሊዋሽ ፈለገ። እሷ ፊት ግን እንዴት ይዋሻል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኑን እያየች ነው ያደገችው።

«አልሰማሁትም።»

ሰሐኑን ተቀበለችው። «ስትሰማው ና። ያኔ እናወራለን» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚህ ቀላል ነገር አለ? ስዋሌሕ ጋ ሄዶ ያ ድምፅ ስልክህ ላይ ካለ አሰማኝ ማለት ነው። ትዋሂር ግን ያን ማለት አልቻለም። ጠየቀ ማለት እኮ ጣቴ ነው የሳተው ያለው ውሸት መሆኑን በገዛ አፉ መናገሩ ነው። እያንዳንዱ ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ እንዲያም ሆኖ ያልተነገረ ነገር ለእሱ ያልታወቀ ይመስለው ነበር። ብዙ ቀን መደቡ ላይ ከስዋሌሕ ጎን ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ስለ ዓሣ አውርቶ ዘግቶታል። ስዋሌሕም እንደ መጠበቅ እያለ ያየውና ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ይሉ የለ፤ እሱ እስኪደርቅ ጠበቀ።

የጠዋቱን ድምፅ መላኩን ቀጠለ፤ ግን ቀልዱ አልወጣ አለው። «ጨክኑ» ሲል ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለዋል። አንዱ ወጣ፤ ሌላው ወጣ። ቀድሞ ቢሆን መልሶ ያስገባቸው ነበር። አሁን የማንንም ስም ለመንካት ጣቱ ይፈራል።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ቲማ ወደ ላሙ ሄደች። የእናታቸው ዘመዶች እዚያ አሉ፤ አንድ ክፍል ሰጥተዋታል፤ ልጆችም አግኝታለች ተባለ። ሻንጣዋን በሩ ላይ አስቀምጣ ሺካሞ አለችው። መርሐባ አለ። ሙኒራ ጎኑን በክርኗ ብትወጋውም ሌላ ቃል አልጨመረም። መኪናው ጥግ ሲታጠፍ፣ «ድንጋይ ነህ» አለችው ሙኒራ። እንባው እየወረደ ስለነበር አልተከራከራትም።

ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበሮች ሰገነቱ ላይ ቀሩ።

ከብዙ ወር በኋላ ነው። ቀትር ላይ መርከቡ መኪና ጭኖ፣ ሰው ጭኖ፣ ባሕሩ መሐል ላይ ሳለ የትዋሂር ስልክ ጮኸ። ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረ፣ አሁን ታንጋ የሚኖር ሰው ነው። «ለግሩፕህ ትሆንሃለች፤ ወንዱን እንኳ ታስለቅሳለች። እዚህ ሴቱ ሁሉ የሚላላከው ይቺን ነው፤ ሚስቴ ከጎረቤት አግኝታ፣ ጎረቤቷ ከሞሮጎሮ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ድምፅ አለ፤ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መሆኑን የምታሳየው ምልክት ከላይ ተለጥፋበታለች።

ትዋሂር እንደ ዋዛ ነካው።

«አሰላሙ አለይኩም። ቲማ እባላለሁ።»

ወደ መርከቡ ጠርዝ ሄደ። ከኋላው ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ በሌላኛው እጁ ሌላኛውን ጆሮውን ያዘ።

«ብዙዎቻችሁ መምህርት ነው የምትሉኝ። ደንቡን አውቀዋለሁ፣ እንግዲህ ልናገር። የጀመርኩት እናቴ የሞተች ጊዜ ነው። ከማን ጋር ላላችሁት፣ ከወንድሜ ጋር። ሰገነታችን ላይ ሁለት ወንበር አለን። ቀን ስስቅ የምታዩኝ ማታ እዛ ስላለቀስኩ ነበር። ሲጋራውን አልወደውም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ያቺን ሰዓት ነበር የምወዳት።»

ከኋላዋ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ምናልባት ከትምህርት በኋላ ቀርታ ሱራ የምትደግም ልጅ ናት።

«ቅድም ስሜን እዚህ ሳየው ወንድሜን ልረግመው ነበር፣ ወላሂ። ከዛ አንብቤ ሳልጨርስ ‹ጣያት› እያላችሁ መጣችሁ፤ ሽማግሌው ደግሞ ‹ልጄ› አለኝ። በቃ፣ የምደብቀው አለቀ አልኩ። ቀለለኝ። ልጆቻችሁን ብትወስዱብኝ አልቀየምም፤ ግን ከዛሬ ወዲያ ዋሽቼ አላስተምራቸውም። ወንድሜን ማንም እንዳይወቅስብኝ። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቅቶኝ ነበር፣ እሱ ገፋኝ። መጀመሪያ ሲጋራ ያቀበለኝም እሱ ነው፣ ዛሬ ያስጣለኝም እሱ ነው፤ ተካክሰናል። አንተ ወንድሜ፣ ይሄን እንደምትሰማ አውቃለሁ። እኔን የከበደኝ ሲጋራውን መተው አይደለም፣ ብቻዬን መቀመጥ ነው። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ወንበርህን አውጥቼ እጠብቅሃለሁ። ሲጋራ የለም፣ እንዳትፈራ። ቅርንፉድ ይዣለሁ።»

ድምፁ አለቀ። መርከቡ ዳር ደርሶ ነበር፤ መኪኖቹ መውጫ አጥተው ይንጫጫሉ። የሥራ ባልደረባው ከመርከቡ ወዲያ በኩል «ትዋሂር፣ ምን ሆነሃል፣ ወደ ቀኝ በላቸው እንጂ» ይለዋል። እሱ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር። ከራሱ በላይ ወንበር ሲጎተት፣ ቆይቶም ሁለተኛው ሲጎተት ይሰማዋል። ያኔ እየሰማው ምን እንደሆነ ያላወቀው ያ ሁለተኛው ወንበር የእሱ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደረገበት እጁን አየው።

ከሥራ ሲመለስ ስዋሌሕ መደቡ ላይ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠና፣ «ጣቴ አልሳተም ነበር» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ስዋሌሕ።

«ድምፁን ዛሬ ሰማሁት።»

ሽማግሌው ዞር ብሎ ትክ ብሎ አየው። «ዛሬ? ሳትሰማው ነው የሰረዝከው?» አለና ራሱን ወዘወዘ። «እኛ እኮ ሰምተህ ያፈርክባት መስሎን ነው። ልጆቹን የወሰዱባት ለምን ሆነና? ወንድሟ ያፈረባትን እኛ ምን አግብቶን እናክብራት ብለው ነው።»

ትዋሂር ተነስቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ከመግሪብ በኋላ ሰገነቱ ላይ ወጣ። ወንበሮቹ ዝናብና ጸሐይ ተፈራርቆባቸው ነጥተዋል። በራሱ ላይ ተቀምጦ የእሷን አጠገቡ አስጠጋ። ስልኩን አውጥቶ በዚያ ባሕር በሚያሻግር ድምፁ ሊቀርጽ ሁለቴ ጀምሮ ተወው። ቢቸግረው በጣቱ አንዲት ቃል ጻፈ። «ሰማሁት።»

ወዲያው አነበበችው። ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆኑ። የዒሻ አዛን አለቀ፤ ከታች ሙኒራ ለእራት ጠራችው፤ አልወረደም። መልሱ ሲመጣ እሱም አንዲት ቃል ነበር፤ ከጎኑ የድሮው መጠሪያው አለበት።

«ቆየህ፣ ወንድሜ።»